«ዳኛው ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም

ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን ፍርድ ቤት አቁማ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እስክይዝ ድረስ አላውቅም ነበር። ዓድዋን ተምረናል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ መመሥረቱን ተምረናል። ሄግ ላይ ስለተካሄደውና ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ስለቀረው ክርክር ግን የነገረን የለም። ምናልባት ስለተሸነፍን ይሆናል። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ግን እንዴት እንደተሸነፍን ነው፤ ምክንያቱም ስለ ዓለም አቀፍ ሕግ ባወራን ቁጥር ያኔ የተሠራውን ስህተት ከሁለት ወገን እየደገምነው ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሁለቱን ወገኖች ታውቋቸዋላችሁ። አንደኛው «ሕግ ሕግ ነው፤ ዳኛው ማንም ቢሆን ምን አገባህ?» የሚለው ነው። ይሄ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሕግ ተምሯል፣ ወይም የተማረ መምሰል ይፈልጋል። ሁለተኛው ፍርዱን ሳያነብ የዳኛውን ስም ጎግል የሚያደርገው ነው። የትውልድ አገሩን፣ ሃይማኖቱን፣ የሚስቱን የአባት ስም ካገኘ ነገሩ አለቀለት። «ዘሩን ንገረኝ፣ ፍርዱን እነግርሃለሁ» ነው መፈክሩ። ሁለቱም ሰነፎች ናቸው። የመጀመሪያው ሰውን ማየት ሰንፏል፤ ሁለተኛው ማንበብ ሰንፏል።

የእኔ አቋም ይሄ ነው። ዓለም አቀፍ ሕግን የሚያስፈጽመው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ታሪክ አለው። ስለዚህ «ይሄ ሰው ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውሩ ጥያቄውን ለአንዱ አንስቶ ለሌላው መዋጥ ነው።

7 ለ7

በጁን 1960 ነጻ የአፍሪካ አገሮች አዲስ አበባ ላይ ተሰበሰቡ። ካነሷቸው ጉዳዮች አንዱ ዛሬ ናሚቢያ የምንላት፣ ያኔ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ የምትባለው ምድር ነበረች። ቀድሞ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ማኅበር ለደቡብ አፍሪካ በሞግዚትነት ሰጣት። የሞግዚትነቱ ሰነድ ደቡብ አፍሪካ የነዋሪውን ደኅንነትና እድገት እንድትጠብቅ ያስገድዳል። ደቡብ አፍሪካ ግን አፓርታይዷን ወስዳ እዚያም ተከለችው።

ማን ይክሰሳት? መክሰስ የሚችለው የመንግሥታት ማኅበር አባል የነበረ አገር ነው። ከሰሃራ በታች ካሉት የጥቁር ሕዝብ አገሮች ይሄን የሚያሟሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ። በ1936 ለሙሶሊኒ አሳልፎ የሰጠን ያው ማኅበር ቢያንስ የአባልነት መታወቂያውን ትቶልን ነበር። ኖቬምበር 4 ቀን 1960 ሁለቱ አገሮች ክሳቸውን ለዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት አስገቡ።

ደቡብ አፍሪካ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዋ «ፍርድ ቤቱ ይሄን ጉዳይ የማየት ሥልጣን የለውም» አለች። ዲሴምበር 1962 ላይ ዳኞቹ መቃወሚያውን በ8 ለ7 ጣሉት። ከተሸነፉት ሰባት ዳኞች ሁለቱ፣ አውስትራሊያዊው ፐርሲ ስፔንደርና እንግሊዛዊው ጄራልድ ፊትዝሞሪስ፣ አንድ ላይ ሆነው የልዩነት ሐሳብ ጻፉ። ከዚያ ዋናው ክርክር መጣ። በ1965 ከማርች ጀምሮ፣ በመሀል ከተወሰደው እረፍት በቀር፣ እስከ ኖቬምበር ችሎት ተቀመጠ፤ ምስክሮች ተሰሙ፤ ሰነድ በሰነድ ላይ ተከመረ። ጁላይ 18 ቀን 1966 ፍርዱ ተነበበ።

7 ለ7።

ድምፅ እኩል ሲከፈል የሚወስነው የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ነው። ፕሬዚዳንቱ ማን ነበሩ? ፐርሲ ስፔንደር። በእሳቸው ወሳኝ ድምፅ ፍርድ ቤቱ «ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በጉዳዩ ላይ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም ያላቸው መሆኑን አላሳዩም» ብሎ ክሱን ዘጋ። ስለ አፓርታይድ ልክ ነውም፣ ልክ አይደለምም አላለም። በ1962 አናሳ የነበረው ሐሳብ በ1966 ፍርድ ሆኖ ቁጭ አለ።

እንዴት? ሕጉ አልተቀየረም። የሞግዚትነቱ ሰነድ ያው ነው። የተቀየሩት ሰዎቹ ናቸው። በመሀል በመደበኛ ምርጫ የተወሰኑ ወንበሮች ተቀያይረዋል፤ ሚዛኑን የደፉት ግን ሦስት ባዶ ወንበሮች ናቸው። ግብፃዊው ዳኛ ባዳዊ ክርክሩ ሳያልቅ ሞቱ። የፔሩው ቡስታማንቴ ታመሙ። ሁለቱም በ1962 ከኢትዮጵያ ጎን ድምፅ የሰጡ ነበሩ። ሦስተኛው ሰው፣ ፓኪስታናዊው ሙሐመድ ዛፍሩላ ካን፣ አልሞቱም፣ አልታመሙም። እንዲነሱ ተደረጉ።

ሁለት ሰው፣ ሁለት ሚዛን

ዛፍሩላ ካን የፓኪስታን የመጀመሪያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በተባበሩት መንግሥታት መድረክ ላይ ቅኝ ግዛትን በመቃወም የታወቁ ተናጋሪም ነበሩ። በኋላ እንደተናገሩት፣ ከዚህ ችሎት መነሳት እንዳለባቸው የነገሯቸው ፕሬዚዳንቱ ስፔንደር ናቸው። ምክንያቱም በአንድ ወቅት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ለዚሁ ጉዳይ የሚሰየም ዳኛ አድርገው አጭተዋቸው ስለነበር ነው። ልብ በሉ፤ ታጩ እንጂ ወንበሩ ላይ አልተቀመጡም። ጠበቃ ሆነው አልተከራከሩም፣ ምክር አልሰጡም። ያንን ወንበር በመጨረሻ የያዙት ናይጄሪያዊው ሉዊስ ምባኔፎ ናቸው። ዛፍሩላ በምክንያቱ አልተስማሙበትም፤ ግን ተነሱ።

አሁን ስፔንደርን እንይ። ከ1949 እስከ 1951 የአውስትራሊያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ በዚያው ጊዜ የአገራቸውን የውጭ ግዛቶች ሚኒስቴርም ደርበው ይዘዋል። ከነዚህ ግዛቶች አንዷ ኒው ጊኒ ናት። ኒው ጊኒስ ምን ነበረች? ከጀርመን ተወስዳ በመንግሥታት ማኅበር ሞግዚትነት የተሰጠች ምድር፤ ከደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ጋር በአንድ ዓይነት፣ «ሲ» በተባለው ክፍል የተመደበች። እሳቸው ሚኒስትር በሆኑ ጊዜ ሞግዚትነቱ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ተዛውሯል፤ አስተዳዳሪዋ ግን ያችው አውስትራሊያ ናት። የነበሩበት ካቢኔ ደግሞ «ነጭ አውስትራሊያ» የሚባለውን፣ ነጭ ያልሆነ ሰው አገሪቱ ላይ እንዳይሰፍር የሚከለክለውን ፖሊሲ ያስቀጠለ ካቢኔ ነው።

እንግዲህ ሚዛኑን ያዙት። አንዱ ሰው ጥቁሮቹ አገሮች ስላጩት ብቻ አድልዎ ይጠረጠራል። ሌላው ሰው ራሱ የሞግዚት ግዛት ሚኒስትር ነበር፤ ስለ ሞግዚት አስተዳዳሪ ግዴታ በተነሳ ክርክር ግን ፕሬዚዳንት ሆኖ ይቀመጣል፣ ወሳኝ ድምፅም ይሰጣል። የዛፍሩላ ታሪክ «አድልዎ» ተባለ። የስፔንደር ታሪክ «ልምድ» ተባለ።

ስፔንደር ክፉ ሰው ነበሩ እያልኩ አይደለም። ጉቦ በሉ እያልኩም አይደለም። ጽሑፋቸውን ብታነቡ የሚያምኑበትን ነገር በትጋት የሚከራከሩ ሰው ናቸው። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ጉቦ የበላ ዳኛ ማዳላቱን ያውቀዋል። ታሪኩን እንደ ተፈጥሮ ሕግ የሚያይ ዳኛ ግን ማዳላቱን አያውቀውም። ዛፍሩላ ቢቀመጡ ኖሮ እንዴት እንደሚፈርዱ ማንም በእርግጠኝነት ሊምል አይችልም። ግን 7 ለ7 በቆመ ሚዛን ላይ አንድ ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ የሂሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? የድሮ ወሬ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ይሄ የወረቀት ጨዋታ አልነበረም። ፍርዱ እንደተሰማ የናሚቢያ ነጻ አውጪ ድርጅት ስዋፖ ከትጥቅ ትግል ሌላ መንገድ እንዳልቀረ አወጀ። ኦገስት 26 ቀን 1966 የመጀመሪያው ግጭት ተካሄደ። ናሚቢያ ነጻ የወጣችው ማርች 21 ቀን 1990 ነው። በመሀል ከሃያ ዓመት በላይ ጦርነት አለ። ጦርነቱን ያመጣው አንድ ድምፅ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ያመጣው አፓርታይድ ነው። የሕጉን በር የዘጋው ግን ያ አንድ ድምፅ ነው።

ፓስፖርት ብዙ አይናገርም

እዚህ ላይ ሁለተኛው ወገን፣ «ዘሩን ንገረኝ» የሚለው፣ በደስታ ሲዘል ይታየኛል። «አላልኩም? ነጭ ለነጭ ፈረደ!» ቆይ ወንድሜ፣ ቀስ በል። የ1966ቱን ድምፅ በፓስፖርትና በቆዳ ቀለም ለመገመት ሞክር እስቲ።

ቀዝቃዛው ጦርነት በጦፈበት ዘመን አሜሪካዊው ፊሊፕ ጄሰፕና ሶቪየታዊው ኮሬትስኪ በአንድ ወገን ቆሙ፤ ከኢትዮጵያ ወገን። ጄሰፕ ረጅም የልዩነት ሐሳብ ጽፈው ፍርዱ በሕግ ምንም መሠረት የሌለው ነው ብለው ደመደሙ። ነጭ አሜሪካዊ ናቸው። በሌላ በኩል ፖላንዳዊው ቪኒያርስኪ፣ አገራቸው በሶሻሊስቱ ጎራ ብትሆንም፣ ከስፔንደር ጋር ቆሙ። ፓስፖርት አይቶ የተወራረደ ሰው ገንዘቡን ተበልቷል።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ጃፓናዊው ኮታሮ ታናካ ናቸው። ሰውን በዘሩ ለይቶ መያዝ እንዴት ከእኩልነት መርህ ጋር እንደሚጋጭ የጻፉት የልዩነት ሐሳብ እስከ ዛሬ የሕግ ተማሪዎች የሚያነቡት ነው። ጃፓን በ1919 ፓሪስ ላይ የዘር እኩልነት በመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን ውስጥ ይግባ ብላ ስትጠይቅ አጥብቆ የተቃወማት የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደነበር ለሚያውቅ ሰው፣ ታናካና ስፔንደር ትይዩ ቆመው ማየት ልብ ወለድ ይመስላል። ግን ታናካን መልአክ አድርጋችሁ እንዳትስሉ። ሰውየው የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በነበሩ ጊዜ፣ በ1959፣ የአሜሪካን ጦር በሚመለከት ጉዳይ ችሎት ላይ ሳሉ ከአሜሪካ አምባሳደር ጋር ስለዚያው ጉዳይ ማውራታቸው በኋላ በወጡ የአሜሪካ ሰነዶች ተጋልጧል። አንድ ሰው እዚያ ያደላና እዚህ የሚያስከብር ሥራ ሊሠራ ይችላል። ታሪክ ሰውን ይስበዋል እንጂ አስሮ አይጎትተውም።

ታዲያ ምኑን እንይ? የትውልድ ቦታውን ትታችሁ የሥራ ጠረጴዛውን እዩ። ከሰባቱ የብዙኃን ድምፅ ሰጪዎች ስፔንደር የሞግዚት ግዛት ሚኒስትር ነበሩ። ፊትዝሞሪስ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዋና የሕግ አማካሪ ነበሩ። ፈረንሳዊው አንድሬ ግሮ የአገራቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪ ነበሩ። አንዱ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ራሷ የሰየመችው ዳኛ ነው። ማለትም ከሰባቱ ሦስቱ የሥራ ዘመናቸውን ጉልህ ክፍል ያሳለፉት ቅኝ ግዛት ላላቸው መንግሥታት ሲሠሩ ነው። «ሌሎች መንግሥታት በእኔ ግዛት አስተዳደር ምን አገባቸው?» የሚለው ጥያቄ ለነዚህ ሰዎች የሕግ ትምህርት ቤት መላምት አልነበረም፤ የዕለት ሥራቸው ነበር። የ1966ቱ ፍርድም፣ አጥንቱን ካያችሁት፣ ያንን ጥያቄ «አያገባቸውም» ብሎ መመለስ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፦ ፊትዝሞሪስ በ1956 መንግሥታቸው ግብፅን ሲወር ወረራው ሕጋዊ መሠረት የለውም ብለው ተቃውመዋል። የመንግሥት አገልጋይ ብቻ ነበሩ ማለት ስም ማጥፋት ነው። ጠረጴዛም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። ከፓስፖርት ግን የተሻለ ይናገራል።

ማንም የራሱን ኮድ አያጸድቅም

እኔ ሕግ አልተማርኩም፤ ኢንጂነሪንግ ተምሬ ሶፍትዌር ነው የምጽፈው። በእኛ ሥራ አንድ ደንብ አለ፤ የጻፍከውን ኮድ ራስህ አታጸድቅም። ሌላ ሰው አይቶ ነው የሚያልፈው። ይሄ ደንብ ሲነገረው «ሌባ አደረጋችሁኝ እንዴ?» ብሎ የተቆጣ ፕሮግራመር እስካሁን አላየሁም። ሁላችንም እናውቃለን፤ ስህተትህን የማታየው የራስህ ስለሆነ ነው። ዓለም አቀፍ ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ግን «ከዚህ ጉዳይ ይነሱ» ሲባሉ ስድብ ያስመስሉታል። «የሙያ ክብሬ ተነካ» ይላሉ። ክብር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ሌላም ነገር አለ። ሶፍትዌር ስትከፍቱ ማንም ያልመረጠው የሚመስል፣ ግን አንድ ሰው የመረጠው ቅንብር አለ፤ ዲፎልት የምንለው። ዓለም አቀፍ ሕግም ዲፎልት ሰው አለው። በአንድ የአውሮፓ ከተማ የተማረ፣ በአንድ ኃያል አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሠራ፣ በረጋ ድምፅ የሚናገር ሰው። ይሄ ሰው «ገለልተኛ» ይባላል። ከእሱ የተለየው ሁሉ «ታሪክ ያለው» ይባላል። የቅኝ ገዢው አገልጋይ ገለልተኛ፣ የተገዛው ልጅ ወገንተኛ። ዲፎልቱም ግን የአንድ ሰው ምርጫ ነው።

የሚገርመው አገራችን ውስጥ ይሄን ነገር ድሮ ነው የፈታነው። ሽማግሌ ሲቀመጥ ምን ይደረጋል? አንዱ ወገን የሚያምናቸውን ይጠራል፤ ሌላውም የሚያምናቸውን ይጠራል፤ ሁለቱም የሚያከብሩት ሰው መሀል ይቀመጣል። ማንም «እኔ ዘመድ የለኝም፣ ከሰማይ ነው የወረድኩት» አይልም። የእገሌ አበልጅ መሆኑ ይታወቃል፤ በግልጽ ታውቆ ነው የሚቀመጠው። አያቶቻችን ታሪክ የሌለው ሰው ለመፈለግ አልደከሙም። ታሪኩን አደባባይ አውጥተው ሚዛን አደረጉለት። ሽምግልናችን እንከን የለውም አልልም፤ ሴቶችን ስንት ዘመን ከክቡ ውጪ እንዳቆመ እናውቃለን። ግን ቢያንስ ዘመድ የሌለው ሽማግሌ አለ ብሎ አልዋሸንም።

መነሳት ፍትሕን አይገድልም

«ዳኛ ይነሳልኝ የሚባል ከሆነ ፍርድ አያልቅም» ይባላል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ1998 የቺሊው አምባገነን ፒኖቼ ለንደን ላይ ተያዘ። ኖቬምበር 25 የእንግሊዝ ከፍተኛው ችሎት፣ ያኔ የሎርዶች ምክር ቤት የሚባለው፣ በ3 ለ2 ያለመከሰስ መብት የለውም አለ። ዓለም ጨፈረ። ከዚያ ከሦስቱ አንዱ ሎርድ ሆፍማን በክርክሩ ጣልቃ ገብቶ ከነበረው ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ጋር በተያያዘ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዳይሬክተር መሆናቸው ታወቀ። አልተናገሩም ነበር። በሚቀጥለው ወር ያው ምክር ቤት የራሱን ፍርድ ሻረው። ጉዳዩ በሌሎች ዳኞች እንደገና ታየ፤ በማርች 1999 ፒኖቼ፣ ከበፊቱ በጠበበ ምክንያትም ቢሆን፣ እንደገና ተሸነፈ።

እዩት እንግዲህ። የሆፍማን ልብ ከተበዳዮቹ ጋር ነበር። እኔም ብሆን የምደግፋቸው ሰው ናቸው። ግን መነሳት ነበረባቸው። ጉዳዩ እንደገና በመታየቱም ፍትሕ አልሞተም፤ አራት ወር ዘገየ፣ የበለጠ ጠንካራ ሆነ። በአንድ ሰው ዝምታ ላይ የቆመ ድል ይወድቃል። በንጹሕ ችሎት ላይ የቆመ ይከርማል።

ከዚህ ጋር የራሳችንንም ጉድ ላንሳ። በ1971 የናሚቢያ ጉዳይ ለአማካሪ አስተያየት ሄግ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ማን ሆኑ? ዛፍሩላ ካን። ፍርድ ቤቱ በ13 ለ2 የደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየት ሕገወጥ ነው አለ። ከሁለቱ ተቃዋሚዎች አንዱ ፊትዝሞሪስ፣ ሌላው ግሮ። ፊልም ይመስላል። ግን እዚያም ደቡብ አፍሪካ «ሦስት ዳኞች ይነሱልኝ» ብላ ጠይቃ ነበር፤ ዛፍሩላም አንዱ ናቸው። ከ1962 እስከ 1963 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ጥያቄዋ ውድቅ ሆነ። የራሷን ዳኛ ለመሰየም ያቀረበችው ጥያቄም ውድቅ ሆነ።

ውጤቱን እወደዋለሁ። ናሚቢያ ላይ የተባለው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በ1966 የራሳችንን ዳኛ ሰይመን ተቀምጠን በ1971 ለተቃራኒያችን ሲከለከል «በሕግ አምላክ!» ያለ ከእኛ ወገን ነበር ወይ? ሚዛን የሚባለው ነገር ሲጠቅመንም ሲጎዳንም ያው ከሆነ ብቻ ነው።

ኃያላኑ ያውቁታል

«ሕግ ሕግ ነው» የሚለውን ወገን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰው ለውጥ የማያመጣ ከሆነ፣ ኃያላን መንግሥታት ሰዎቹን በስም ለይተው የሚቀጡት ለምንድን ነው? አሜሪካ በ2020 የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ፋቱ ቤንሱዳ ላይ ማዕቀብ ጣለች። በ2025 ደግሞ በተተኪያቸው በካሪም ካን ላይ፣ ቀጥሎም በዳኞቹ ላይ በስም እየለየች ጣለች። የባንክ ሒሳብ ያለው፣ ልጅ የሚያስተምር፣ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ነው የሚፈራው፤ ሕግ አይፈራም። ዋሽንግተን ይሄን ጠንቅቃ ታውቃለች። የማያውቁት የሕግ መምህሮቻችን ብቻ ናቸው።

ይሄን ስል ደግሞ ማዕቀቡን የምጠላ ሰው ሁሉ ካሪም ካንን ያለ ጥያቄ መደገፍ አለብኝ ብሎ እንዳያስብ። በኦገስት 2025 የዚያው ፍርድ ቤት የይግባኝ ችሎት ካን ከቬንዙዌላ ምርመራ እንዲነሱ አዟል፤ ምክንያቱም የባለቤታቸው እኅት ለቬንዙዌላ መንግሥት ከቆሙት ጠበቆች አንዷ ስለነበሩ ነው። ካን በራሳቸው ፈቃድ አልተነሱም፤ ታዘው ነው። ሁለቱን መለየት መቻል አለብን። ዐቃቤ ሕግን በሥራው ምክንያት መቅጣት ማስፈራራት ነው። ዐቃቤ ሕግን በዝምድናው ምክንያት ከአንድ ጉዳይ ማንሳት ደግሞ ፍርድ ቤቱን ማክበር ነው።

ታሪክ አንድን ሰው ወዴት እንደሚገፋው አስቀድማችሁ አውቃለሁ ካላችሁ ደግሞ ቴዎዶር ሜሮንን አስቡ። በ1930 ፖላንድ ውስጥ የተወለዱ አይሁዳዊ ናቸው፤ ልጅነታቸውን የናዚ የጉልበት ሥራ ካምፕ በልቶታል። በኋላ የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪ ሆኑ። በ1967፣ ጦርነቱ በተጠናቀቀ በወራት ውስጥ፣ በተያዙት ግዛቶች ሲቪል ማስፈር አራተኛውን የጄኔቫ ስምምነት ይጥሳል ብለው ለመንግሥታቸው ጻፉ። በ2024 ደግሞ የሐማስ መሪዎችንና የእስራኤልን ጠቅላይ ሚኒስትር ለመያዝ የእስር ማዘዣ ይጠየቅ ዘንድ በቂ ምክንያት አለ ካሉት አማካሪ ባለሙያዎች አንዱ ነበሩ። «ዘሩን ንገረኝ» ባዩ ይሄን ሰው የት ያስቀምጠዋል?

የእኛው ጉዳይ

በዲሴምበር 2021 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት የኢትዮጵያን ጦርነት የሚመረምር የባለሙያዎች ኮሚሽን አቋቋመ። ያኔ ስልካችን ላይ የነበረውን ጫጫታ አስታውሱ። ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት ሰዎቹ ተፈርዶባቸው ነበር። አንዱ ወገን «የእነሱ ናቸው» ሲል ሌላው «የእኛን አይሰሙም» ይል ነበር። የመጀመሪያዋ ሊቀመንበር ፋቱ ቤንሱዳ ጋምቢያ ውስጥ የያህያ ጃሜ የፍትሕ ሚኒስትር እንደነበሩ ማንሳት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሥራ ታሪክ ነውና። በ2022 ሥራውን ትተው የአገራቸው አምባሳደር ሆነው ለንደን መሄዳቸውንም ማንሳት ተገቢ ነው። ከዚያ አልፎ የባለሙያዎቹን ዘርና የጓደኛ ዝርዝር ሲቆጥር የዋለው ሰው ግን አንድ ምስክር አንብቦ አያውቅም። ኮሚሽኑ በኦክቶበር 2023 ጊዜው ሳይታደስ አለቀ። ተበዳዮቹ አሁንም አሉ። በሁሉም ወገን አሉ።

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል አይደለችም። በኤፕሪል 2024 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ ልዩ ችሎትና ልዩ ዐቃቤ ሕግም በዕቅዱ አሉ። ስለዚህ ነገ በጦር ወንጀል የሚከሰውም የሚፈርደውም ሰው የእኛው ሰው ሊሆን ነው። ያ ቀን ሲመጣ ሁለቱ ሰነፎች ይነሳሉ። አንዱ «ፍርድ ቤቱን አትጠይቁ» ይላል። ሌላው ዳኛውን በስሙ ብሔር ሰጥቶ ይጨርሰዋል። አገሪቱ ውስጥ ስንት ሰው በመታወቂያውና በስሙ ምክንያት እንደሞተ ለምናውቅ ለእኛ፣ ይሄ ሁለተኛው ቀልድ አይደለም።

ከሁለቱ ጋር ሳንሰለፍ መጠየቅ ያለብን ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። አንድ፦ ይሄ ሰው ምን ሠርቷል? ምን ሆኖ ተወለደ አይደለም፤ በየትኛው ጠረጴዛ ተቀመጠ፣ ለማን ፈረመ? ሁለት፦ ራሱ ተናግሯል ወይስ ሌላ ሰው ቆፍሮ ነው ያወጣበት? ሦስት፦ ይሄው ጥያቄ ለምንወደው ዳኛም ቀርቧል ወይ? ሦስተኛውን መመለስ ያልቻለ ሰው የመጀመሪያውን የመጠየቅ መብት የለውም።

በ1966 ሄግ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ለዛፍሩላ ተጠየቀ፤ ሦስተኛውን ጮክ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ለዚያ ዝምታ እኛ በወረቀት ተሸነፍን። ናሚቢያውያን ደግሞ ነጻነታቸውን ለማየት 24 ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ጠበቁ።